የጌም መንጃ ፈቃድ

አክስቴ ሰው ለመጣል ደሞዝ የሚከፈላት ሴት ነበረች። ሥራዋ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝነት ነው። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ መፈተኛው ሜዳ ትሄዳለች፤ ማታ ስትመለስ ማንን እንዴት እንደጣለች እያወራች ጫማዋን ታወልቃለች። «አንዱ ደግሞ ኮኑን ገጭቶ ሲያበቃ ‹ነፋስ ነው የጣለው› አይለኝም መሰለሽ?» ትላለች እየሳቀች። አባቴ አብሯት ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩና መንዳት የሚያምረው ሰው ሁሉ ሞኝ፣ አክስቴ ብቻ ብልህ ትመስለኝ ነበር።

ድንቄም ብልህ! አሁን ሳስበው አክስቴ በዕድሜዋ የተማረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም «ገና ነህ፣ ተመለስ» ማለት። ይህንን ለሹፌሩም፣ ለጎረቤቱም፣ ላልፈላው የሻይ ውሃም ትለዋለች። እናቴንም ብላታለች። እናቴ ሹፌር ልሁን ብላ ስትፈተን ደጋግማ የጣለቻት ይህችው የባሏ እህት ናት። «ዘመዴ ነሽ ብዬ ባሳልፍሽ ሰው ምን ይለኛል?» ነበር ምክንያቷ። አባቴ በእናቴና በእህቱ መሀል ቁጭ ብሎ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ያያል። በመጨረሻ እናቴ አንገሸገሻትና ሻንጣዋን ይዛ ሌላ ከተማ ሄደች። እዚያ በመጀመሪያው ሙከራ አለፈች፤ የሆቴል ሚኒባስ ሹፌር ሆነች። ስትሄድ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «ቤት ልያዝና መጥቼ እወስድሻለሁ» ብላኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ አክስቴ «ልጅቷን ማን ያሳድጋታል?» ብላ ከነቡፌዋ ጠቅልላ እኛ ቤት ገባች። ቡፌው የሳሎኑን ግማሽ ያዘ፣ እሷ የቀረውን ያዘች።

አባቴ መስታወት ቆራጭ ነው። ሙያውን አልነቅፍበትም፤ መስመሩን አስምሮ ቀጭ ሲያደርገው ጠርዙ ቅንጣት አይሸረፍም። ቤት ሲገባ ግን ያ ሁሉ ቁርጥነት የት እንደሚገባ እንጃ። እትዬ የሚላት እህቱ ባለችበት አፉን የሚከፍተው ለመጉረስና ለማዛጋት ነው።

እናቴ የላከችው ሳጥን የመጣው በአውቶቡስ ነው። ሲከፈት ጌም ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ጥቁር ማሽን፣ አንድ ጆይስቲክ፣ ማይክ ያለው ትልቅ ሄድፎን። ሄድፎኑን አንዴ ጆሮዬ ላይ አድርጌው በደስታ ክፍሉን ዞርኩት። አክስቴ ከጆሮዬ ላይ ነቅላ ወሰደችው። ሁሉንም ሰብስባ ቡፌው ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት። ቁልፉን ጡቷ ስር ወሸቀችው።

«ጌም ማለት መኪና ነው» አለችኝ። «ያልደረሰ ሰው ከያዘው ይገድላል። መጀመሪያ ትፈተኛለሽ።»

እኔ ደግሞ አመንኳት። ምን ላድርግ? መኪና የሚያውቅ ሰው የተናገረው ነው።

ያኔ ማንም ያልነገረኝ ይህ ነው። እናቴ ያንን ማሽን ከአንድ የሆቴል እንግዳ አሮጌውን ገዝታ የላከችው መጫወቻ ይሁናት ብላ ብቻ አልነበረም። ለራሷም አንድ ነበራት። ጨዋታው ደሴት ላይ ቤት የሚሠራበት ነው፤ ሁለታችንም አንድ ደሴት ላይ እንድንገናኝ አድርጋ አስተካክላዋለች። ከሥራ ስትወጣ ልትመጣና በሄድፎኑ ልታወራኝ ነበር ሐሳቧ። ስልክ ስትደውልማ የምታነሳው አክስቴ ነበረች፤ ፀሐይ አናት ላይ ሆናም «ተኝታለች» ነው መልሷ። ስለዚህ እናቴ ሌላ መንገድ ፈለገችና ሁሉንም ለአባቴ ነገረችው። አባቴ ለእህቱ ነገራት። ለእኔ የነገረኝ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ እናቴን ፊት ለፊት «ልጅሽን አታገኚም» ማለት ስላቃታት አክስቴ ሳጥኗን ቆለፈችበት።

ሳጥኑ በመጣ ማግስት ኩሽና ሆነው ሲያወሩ ከመኝታ ቤቴ ሰማኋቸው። የአባቴ ድምፅ ድሮም አይሰማም፤ የሚሰማኝ የአክስቴ ብቻ ነበር።

«በጓሮ በር ልትገባብኝ! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ!»

አባቴ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ድምጿን አንዴ ትስማና እናያለን! ልቧ ይሸፍታል። ከዚያ ወዲያ ልጅ የለህም፤ ሄደች በላት!»

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ አንዲት ልጅ የምትሰርቅ ሴት በጓሮ በር ልትገባ ነው፤ ድምጿን የሰማ ልጅ ተከትሏት ይጠፋል። ብርድ ልብሴን ጥዬ ተነሳሁ። የጓሮውን በር መቀርቀሪያ ገፋሁና የብረት ባልዲ አስደገፍኩበት፤ ስትገባ ይንኳኳባታል ብዬ ነው። ጠዋት አባቴ በጓሮ ሊወጣ ሲል በባልዲው ተደናቅፎ በአፍጢሙ ተደፋ። ለምን እንዳደረግኩት ስናገር አክስቴ እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ።

«ጎሽ የኔ ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ!»

አባቴ ቁርጭምጭሚቱን እያሸ አየኝ። አፉን ከፈተ፤ በቃ፣ ከፈተው ብቻ። ከዚያ ጫማውን ፈልጎ ወደ ሥራው ሄደ።

ፈተናዎቹ ተጀመሩ። አክስቴ መሥሪያ ቤቷን አምጥታ ሳሎናችን ውስጥ ተከለችው። የቃል ፈተና ነበረ፣ የፍሬን ፈተና ነበረ፣ የሽንፈት ፈተና ነበረ።

በቃል ፈተናው እሷ ሶፋው ላይ ትደላደላለች፣ እኔ ፊቷ እቆማለሁ።

«ስትጫወቺ ዓይንሽ ቢደክምስ?»

«አቆማለሁ፣ አክስቴ።»

«እራት ቀርቧል ብትባዪስ?»

«አቆማለሁ፣ አክስቴ።»

«የማታውቂው ሰው ቢጠጋሽስ?»

«አባርረዋለሁ፣ አክስቴ።»

«ቢስቅልሽስ? ስጦታ ቢሰጥሽስ? የኔ ቆንጆ ቢልሽስ?»

«አባርረዋለሁ፣ አክስቴ።»

ይህችን የመጨረሻዋን እስኪታክተኝ ታስደግመኝ ነበር። ከጨዋታው ጋር በመጣው የመመሪያ ደብተር ላይ ያሉትን ምልክቶችም እንደ መንገድ ምልክት አስጠናችኝ፤ ቤቱ መግቢያ ነው፣ ቅርጫቱ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፣ በሯ ደግሞ ሰው ማባረሪያ። በሯ ከተነካች የተባረረው ሰው ተመልሶ አይመጣም። «በሯን አሳዪኝ!» ስትለኝ ዓይኔን ጨፍኜም ጣቴን አሳርፍባት ነበር።

የፍሬን ፈተናው ግን ጉድ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የካርቱን ፊልም ትከፍትልኛለች። ሆዴን ይዤ ስንከተከት ፊሽካዋን ትነፋለች። ፊሽካው ሲነፋ ሳቁ ባለበት መቆም አለበት። ሳቅ ደግሞ አይቆምም! አፌን በእጄ ብይዘው በአፍንጫዬ ይወጣል። «ፍሬንሽ ይንሸራተታል» ትላለች አክስቴ። «ገና ነሽ፣ ተመለሺ።» ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ጉንጬን በጥርሴ ነክሼ እለማመድ ነበር። በኋላ በኋላ ቻልኩበት። አስተማሪዬ «ይህች ልጅ ምን ነካት፣ አትስቅም?» ብላ ብትጠይቅ አክስቴ ኮራ ብላ «ሠልጥና ነው» አለቻት።

ለሽንፈት ፈተናው ካርታ እንጫወታለን። አክስቴ ታሸንፈኛለች፤ ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ከንፈሬን ትመረምራለች። ከንፈሬ ከተንቀጠቀጠ ወደቅኩ። ካርታ ከመቀመጫዋ ሥር ስታወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። አንድ ቀን ግን ምን እንደታያት እንጃ፣ እኔ አሸነፍኩ። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ካርታውን ሰበሰበችና «ዛሬ ፈተና አልነበረም» አለች። እንግዲህ መሸነፍን የምትፈትነኝ ሴት ይህች ነበረች!

ይህን ሁሉ የቻልኩት ለጌሙ ብዬ ብቻ አልነበረም። ልጅ የራሷን ምክንያት አታጣም። እናቴ እስካሁን ያልወሰደችኝ ገና ስለሆንኩ ነው ብዬ ነበር። አክስቴ «ደርሰሻል» ያለችኝ ቀን እናቴም ትሰማለች፣ ትመጣለች፣ ትወስደኛለች። ስለዚህ የምፈተነው ለእናቴ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ብናገርስ? አንዷ ፊሽካዋን ትነፋብኛለች፣ ሌላው ያዛጋል።

አንድ ቀን እራት ላይ አባቴ ሳህኑን እያየ «እትዬ፣ አሁንስ የደረሰች ይመስለኛል» አለ።

አክስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ትክ ብላ አየችው። «ደህና» አለች ቆይታ። «ቅዳሜ ከሰዓት የተግባሩን እሰጣታለሁ። ሄድፎኑ ግን አይነካም። ጆሮ ያደነቁራል።»

አባቴ ለካ በማግስቱ ከሱቁ ሆኖ ለእናቴ ደውሎ «ቅዳሜ ከሰዓት ትገባለች» ብሏታል። ጀግና! ለመደወል የበቃ አፍ ለእኔ «እናትሽ እዚያ ውስጥ ትጠብቅሻለች» ለማለት ሰነፈ። ልጅ ጆሮ ላይ የሚሾከሾክ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር እኮ!

ቅዳሜ ፀጉሬ ተበጠረ። ንጹሕ ቀሚስ ለበስኩ። አክስቴ ቡፌውን ከፈተች፣ ማሽኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘች፣ ካፖርቷን ለብሳ ከኋላዬ ቆመች። ቤት ውስጥ ካፖርት! ፊሽካዋም አንገቷ ላይ ነው።

ቴሌቪዥኑ በራ። ባሕር መጣ፣ አሸዋ መጣ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ መጣ። ቢጫ ባርኔጣ ያደረገች ትንሽ ልጅ ዛፉ ሥር ቆማለች፤ እኔ ነኝ። ጆይስቲኩን ስገፋው ሄደች። አቤት ደስታዬ! መሄድ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ዛፉን ዞርኩት፣ መልሼ ዞርኩት። ጣቴ በላብ ይንሸራተታል፤ ፊቴ ግን እንደ ሠለጠንኩት ዝም ብሏል።

ከዛፉ ጀርባ አንዲት ቀይ ካፖርት የለበሰች ትንሽ ሴትዮ ብቅ አለች። ስታየኝ ቆመች። እጇን አነሳች። ከራሷ በላይ በባዕድ ፊደል የተጻፈ ስም አለ፤ እኔ ያንን ፊደል ገና አላነብም ነበር። ሴትየዋ ዘለለች። አንዴ ቆየችና ደግማ ዘለለች። እኔም የትኛውን ቁልፍ እንደነካሁ ሳላውቅ ዘለልኩ።

እንዲያ ሳደርግ ሴትየዋ አበደች። ትዘላለች፣ ትዞረኛለች፣ ሮጣ ሄዳ ቅርጫት ሙሉ ፍራፍሬ አምጥታ እግሬ ሥር ደፋችው። ሳቄ እስከ ጉሮሮዬ መጣ። ጉንጬን ነከስኩት።

«አክስቴ፣ ማናት?»

አክስቴ መነጽሯን አደረገች። ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረበችና በስሙ ሥር ጣቷን እያስኬደች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። አክስቴ ያንን ፊደል ታነባለች፤ የመኪና መጽሐፎቿ ሁሉ በእሱ የተጻፉ ናቸው። ብዙ ቆመች። አባቴ ከሥራ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ የቆዳ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። እሱም ቴሌቪዥኑን ያያል።

«አክስቴ?»

ወደ ቦታዋ ተመለሰች። «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም።»

«የማታውቂው ሰው ሲጠጋ ምን ይደረጋል?»

መልሱን እንቅልፍ ውስጥም አውቀዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ያለችውን በር መረጥኩና ጣቴ ቁልፏ ላይ አረፈች። ሴትየዋ ፍራፍሬው አጠገብ እጇን እንዳነሳች ነበረች፤ ከዚያ የለችም። ፍራፍሬውም አብሮ ጠፋ።

ፊሽካው ሳሎኑን ሞላው። «አለፍሽ!» አለች አክስቴ። «አለፈች! አየሃት?» አቅፋኝ ብድግ አደረገችኝ፤ ግንባሬን፣ ዓይኔን፣ ጆሮዬን ሳመችኝ። እንዲያ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ዛሬ ይገባኛል፤ አክስቴ ፈርታ ነበር። ከእኔ በቀር በዓለም ላይ የሚጠብቃት ሰው አልነበራትም፣ እናቴ ከወሰደችኝ ቡፌዋን ይዛ መቅረቷ ነበር። ይግባኝ እንጂ አላዝንላትም። ብቻውን መቅረት የፈራ ሁሉ የሰው ልጅ ቢቆልፍ ኖሮ አገር ምድሩ በቁልፍ ይሞላ ነበር።

አባቴ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ሄደ። የቧንቧው ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እናቴ መደወል አቆመች። እኔ ግን ጠበቅኋት። ደረስኩ እኮ፣ አለፍኩ እኮ! በመስኮት አፍንጫዬን አስደግፌ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር እቆማለሁ። ጌሙ ወዲያው ሰለቸኝ፤ ደሴቱ ላይ ብቻዬን ዛፍ እየዞርኩ ምን ላድርግ? አክስቴ «አየሽ፣ ሱስ አልያዛትም» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። እናቴ የመጣችው አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። በፊት ለፊት በር አንኳኩታ ገባችና እንደ እንግዳ እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝ። እናት ልጇን ትጨብጣለች? ተቀየምኳት። ቀስ በቀስ ለመድኳት እንጂ ያች እጅ ለብዙ ዓመት ከልቤ አልወጣችም።

ባለፈው ወር ልጄ ሰባት ዓመት ሞላትና ሦስቱንም ምሳ ጠራኋቸው። እናቴና አባቴ ዛሬ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው ጨው ይቀባበላሉ፤ ከዚያ የዘለለ ነገር የላቸውም። አክስቴ ጡረታ ወጥታለች፣ ምላሷ ግን ገና ሥራ ላይ ነው። ልጄ «ጌም ይገዛልኝ» እያለች ስትነጫነጭ ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻትና «ገና ናት» አለች።

«በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«ሳትፈተን ነዋ! አንቺን እንዴት አድርጌ እንዳደረስኩሽ ረሳሽው?» አለችና ወደ እናቴ ዞረች። ድሮም ለአፏ ዳገት የለውም፤ ወይ ደግሞ ዕድሜው አስረስቷታል። «ይህች ልጅሽ እኮ በመጀመሪያው ቀን ነው ጉድ ያሰኘችኝ! ቀይ ካፖርት የለበሰች ሴትዮ መጥታ ፊቷ ብትዘል፣ ፍራፍሬ ብታፈስላት፣ ወይ ፍንክች! ‹ማናት?› ብላ ጠየቀችኝ፣ አላውቃትም አለች፣ በሯን አሳየቻት። አለቀ!»

እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች።

«‹ማናት› ብላ ጠየቀችሽ?»

አክስቴ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ቀይ ካፖርት የለበሰችው ሴትዮ ማን እንደነበረች ያን ጊዜ ይመስለኛል ትዝ ያላት።

«እኔ እኮ ነግራችኋታል ብዬ ነው» አለች እናቴ። «አውቃ ያባረረችኝ መስሎኝ ነው። ልጄ ካልፈለገችኝ በግድ አልወስዳትም ብዬ ነው የቀረሁት።» ወደ አባቴ ዞረች። «አንተስ? ቅዳሜ ትገባለች ብለህ የደወልክልኝ አንተ አይደለህም? የት ነበርክ?»

«በሩ ጋ ነበርኩ» አለ አባቴ፤ ብርቱካን እየላጠ ነው። «እትዬ እየፈተነቻት ነበር።»

ብርቱካኑን ከእጁ ነጥቄ ብወረውረው ደስ ባለኝ። አባቴ እኮ ነው! በሩ ጋ ነበርኩ ይላል!

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች አክስቴ፤ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። «ፈተና ላይ ነበረች። ፈታኝ አይናገርም። ብነግራት ማጭበርበር ነው።»

ይህንን ስትል አላፈረችም። እኔ ግን በእሷ እጅ አድጌ፣ በእሷ ፊሽካ ሳቄን ውጬ፣ እሷን ለማስደሰት ጣቴን በዚያች በር ላይ በማሳረፌ አንጀቴ አረረ። «ልጄን አንቺ አትፈትኛትም» አልኳት። «እስክትሞቺ አትፈትኛትም።» ሌላም ብዙ ተናገርኩ። አክስቴ «ወግ ነው!» አለች።

እናቴ አልጮኸችም። እጄን ጠረጴዛው ላይ ፈልጋ ያዘችው።

«መዝለል አታውቂም ነበር» አለችኝ። «ዝም ብለሽ ዛፉን ነበር የምትዞሪው። እኔ ስዘል አይተሽ አንቺም አንዴ ዘለልሽ። ያን ጊዜ ሥራ ቦታ፣ የሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ‹ልጄ አወቀችኝ! ልጄ አወቀችኝ!› ብዬ ጮህኩ እኮ።»